ቦታው

ጉንቮር ዓይኗ ከደከመ ሦስት ዓመት አለፈው፤
ማክሰኞና ዓርብ እኔ ነኝ ደጇን የማንኳኳው፣
ኪኒኗን ቆጥሬ፣ ወለሉን ወልውዬ፣
ወደ ቬርናሞ የምመለስ፣ "ደህና ዋዪ" ብዬ።

በዚህ ዓርብ ግን ኪኒኑን በአንድ ጉንጭ ውሃ ዋጥ አርጋ፣
"ዝናቡ አባርቷል" አለች፣ ከዘራዋን በእግሯ ፈልጋ።
"ወለሉ ይቆየን፤ ቅርጫቱን አውርጂ፤
ቦታውን ላሳይሽ ነው፤ መጀመሪያ ምለሽ፣ ከዚያ ሂጂ።"

ለልጇ ለቶርስተን፣ ዮተቦርግ ላለው፣
ለጎረቤት ለሩኔ፣ በረት ውስጥ ውሎ ለሚያድረው፣
ቄሱ እንኳ ቢለምኑኝ ላልተነፍስ፣ ማልኩላት በሚካኤል።
"ምን የያዘ ነው እሱ?" አለች። "ሰይፍ" ስላት፣ "ይበቃል።"

በእርምጃ ነው የምትመራኝ፤ ከተሰበረው አጥር ሰባ፣
ከጅረቱ ማዶ አርባ፤
ግንዱ የነጣው ዛፍ ጋ ስንደርስ፣ መታ መታ አርጋ "ደህና አደርክ" አለችው፤
ከዚያ ዝም። የጥዱ ጠብታ ብቻ፣ በማጅራቴ የሚወርደው።

ቢጫ አየሁ! ሮጥኩ፤ ለቀምኩ፣ እጄ እስኪሞላ፤
"ወርቅ ነው፣ ጉንቮር!" ስላት፣ አንዱን ተቀብላ፣
አውራ ጣቷን ከጥላው ሥር ሰደደች፤ ፋቅ ፋቅ አረገችው፤
እንደ ዳዊት ቅጠል ተገንጥሎ ወጣ፤ ወረወረችው።
"አሳሳች ነው" አለች።
(በኛ የጅብ ጥላ ነው፤
ልጅ ሳለን በዱላ ጫፍ እንጂ በእጅ የማንነካው።)

ከዚያ ጣቴን ይዛ የእጇን ጀርባ አስዳሰሰችኝ፣
ያበጡ ሥሮቿን አንድ ባንድ አስከተለችኝ።
"እንዲህ ነው እውነተኛው፤ ሥሩ ሹካ ሹካ እየሆነ
ወደ እግሩ ይወርዳል፤ አይላጥም፣ ከሥጋው ጋር አንድ ስለሆነ።
ሰንጥቂው፤ ውስጡ ነጣ ያለ ነው። አሽትቺው፤ ኮክ ኮክ ይላል።
ከግንድ ላይ ተቃቅፎ የበቀለው ይቅርብሽ፤ ሆድ ያተራምሳል።
የተጠራጠርሽውን ለመሬት ተዪላት፤ መሬት አትቀየምም፤
ሆድ ግን ይቀየማል፤ ይቅርታም አያውቅም።"

ቅኔ ቤት ባልገባም ገባኝ፤ ሰሙን ዓይን ይለቅማል፣
ወርቁ ግን ጣት ይፈልጋል።

ተንበረከክን። ከአረንጓዴው የድንጋይ ሽበት ሥር፣ ከረገፈው ቅጠል መሐል፣
አንድ፣ ሁለት፣ አሥር... ማን ነው እዚህ አስኳል ደፍቶ የሄደ ያስብላል።
እሷ በጣቷ፣ እኔ በዓይኔ፤ ቅርጫቱ ከበደ፤
"ሕፃናቱን አትንኪ" እያለችኝ ሰዓቱ ነጎደ።

መጥበሻው ደረቅ ይሁን፤ መጀመሪያ ውሃውን ይትፋ፤
ሲጮህ፣ ሲያለቅስ ቆይቶ ዝም ሲል፣ ያኔ ነው ቅቤው የሚደፋ።
"ቅቤው ይቅርብኝ፤ ፍልሰታ ነው" አልኳት።
ቢላዋዋ ቆመ። "ያለ ቅቤ?" የሰማችው ስድብ መሰላት።
"እግዜርሽ ይህን ቀምሶ አያውቅም" ብላ አጉረመረመች፤
ግን ሁለተኛ መጥበሻ ጣደች፤
ዘይት፣ ጨው፣ ቀይ ሽንኩርት፤ ለእኔ ለብቻ ጠበሰች።

በአጃ ዳቦ በላሁት፤ ጥርስ ላይ እሺ የማይል፣
መጀመሪያ ኮክ ኮክ፣ ኋላ ቃሪያ ቃሪያ የሚል።
ድንገት ሹካዋ መጥታ ከሳህኔ አንዱን ወግታ ሄደች፤
አላመጠች። ቆየች።
"ክፉ አይደለም" አለች።

ልወጣ ስል ስልኩ ጮኸ፤ ቶርስተን ነው፤ "እንጉዳይ በላሁ አለችኝ፤
ከየት አገኛችሁ?" አለኝ።
"ከጫካ" አልኩት።
ጉንቮር ከወንበሯ ሆና ትስቃለች፣ ትከሻዋ እስኪርገፈገፍ።

አንተም አንባቢ፣ "ከአጥሩ ሰባ" ያልኩህን ይዘህ እንዳትጀምር፤
ቁጥሩን ለውጬዋለሁ።
ሚካኤል ሰይፍ አለው፤ ምን ብዬ ልናገር?